ቡቲክ ጊታር፣ የፋብሪካ ጊታር እና የማያልቀው «ድምፁ ይለያል»

«ወንድሜ፣ ይሄ ቡቲክ ነው፤ በጥንቃቄ ያዘው» ይለኛል ደንበኛው፣ ገና የጊታሩን ሣጥን ሳይከፍት። ሥራዬ የኤሌክትሪክ ጊታር ጥገና ነው። ፍሬት፣ ማለትም አንገቱ ላይ የተደረደሩትን ቀጫጭን ብረቶች፣ እሞርዳለሁ፤ የጎበጠ አንገት አቃናለሁ፣ የተላቀቀ ሽቦ እበይዳለሁ። የማንንም ጊታር በጥንቃቄ ነው የምይዘው። የሚያታክተኝ ቀጥሎ የሚመጣው ነው፦ «ድምፁ እኮ ከፋብሪካው ጋር አይገናኝም!» እሺ፣ ታዲያ ምን ሊደረግለት መጣ? «እንጃ፣ ድምፁ አልጥም ብሎኛል።»

ቡቲክ የምንለው በጥቂት ሰዎች፣ በትንሽ ወርክሾፕ፣ አብዛኛውን ጊዜ በትዕዛዝ የሚሠራውን ነው። ፋብሪካ ስል ደግሞ ፌንደር፣ ጊብሰን፣ አይባኔዝ፣ ያማሃና መሰሎቻቸውን። በሁለቱ መካከል ልዩነት የለም አልልም፤ አለ። ሰዉ ግን የሚፈልገው በሌለበት ቦታ ነው።

ሰዉ ከሚላቸው ትንንሾቹን ቶሎ ልጨርስ።

«በእጅ የተሠራ ማለት ማሽን ያልነካው ነው።» ብዙዎቹ ቡቲክ ሠሪዎች አካሉንና አንገቱን የሚቆርጡት በኮምፒዩተር በሚመራ ማሽን ነው። ደግም አደረጉ፤ ማሽን ጠዋትም ማታም እኩል ይቆርጣል፣ እጅ ይደክመዋል።

«ትልልቆቹ የእጅ ሥራ አያውቁም።» ፌንደር ከእ.ኤ.አ. 1987 ጀምሮ የራሱ ከስተም ሾፕ፣ በትዕዛዝ የሚሠራ ክፍል፣ አለው። ዛሬ በቡቲክ ስም ከሚጠሩት አንዱ የሆነው ጆን ሱር የራሱን ድርጅት ከመክፈቱ በፊት እዚያው ነበር። ፒአርኤስ የተባለው ጊታር ሠሪ ደግሞ በ1985 በትንሹ ተነስቶ ዛሬ ትልቅ ፋብሪካ ሆኗል። ከስንተኛው ጊታር በኋላ ነው ታዲያ ድምፁ የተበላሸው?

«የአሜሪካው የብሮድካስት ኩባንያ ሲቢኤስ በ1965 ፌንደርን ከገዛ በኋላ የተሠራ አይረባም።» ጂሚ ሄንድሪክስ በ1969 ዉድስቶክ ፌስቲቫል ላይ ገልብጦ የተጫወተበት ነጭ የፌንደር ስትራቶካስተር የዚያ ዘመን የፋብሪካ ምርት ነው።

«ናይትሮ ቀለም እንጨቱ እንዲተነፍስ ያደርጋል።» እንጨቱ ከተቆረጠ ቆይቷል፤ አይተነፍስም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ በቀን አንዴ ካልሰማሁት ቀኑ የማይመሽልኝ ወደሚመስለው፦ «ውድ እንጨት፣ የሰው እጅ፣ ስለዚህ የተሻለ ድምፅ።»

ከክሮቹ ሥር ያለው ፒክአፕ ምን እንደሆነ እንይ። ማግኔት ነው፤ በዙሪያው ከፀጉር እምብዛም የማይወፍር የመዳብ ሽቦ በሺዎች ጊዜ ተጠምጥሞበታል። የብረት ክር በማግኔቱ መስክ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ጥምጥሙ ላይ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ወደ አምፑ፣ ወደ ድምፅ ማጉያው፣ የሚሄደው እሱ ነው። የናይለን ክር ግጠሙበት፣ ምንም አይሰማም። እንጨቱ ክሩ በሚንቀጠቀጥበት ሁኔታ ላይ ጥቂት ይጨምር ይቀንስ ይሆናል። ግን ከፒክአፑ ዓይነት፣ ክሮቹ አካሉ ላይ ከሚያርፉበት ከብሪጁ ካለው ርቀት፣ ከክሩ ሥር ካለው ከፍታ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከአምፑና ከስፒከሩ ጋር ሲተያይ ድርሻው ትንሽ ነው። የቮልዩሙን ፖት፣ ማለትም ከቁልፉ ሥር ያለውን ማስተካከያ፣ ከ500 ኪሎ ኦም ወደ 250 ብትቀይሩት ቀጭኑ ድምፅ ወዲያው ይለዝባል፤ ይህን ማንም ጆሮ ያለው ሰው ይሰማዋል። አንድ ፖት ነው እንግዲህ፣ ከጊታሩ ውስጥ ካሉት ርካሽ ዕቃዎች አንዱ።

በፌንደርና በጊብሰን መካከል የሚሰማው ልዩነትም አንድ ምክንያቱ የክሩ ርዝመት ነው፦ ፌንደር 25.5 ኢንች፣ ጊብሰን 24.75። ተመሳሳይ ክር፣ ተመሳሳይ ቅኝት፣ በአጭሩ ጊታር ላይ ክሩ ይላላል። ቡቲኩስ? አብዛኛው ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱን ነው የሚቀዳው። ሁሌ የሚያስቀኝ እዚህ ላይ ነው። ሊዮ ፌንደር ጊታር መጫወት የማይችል የሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። አንገቱን በብሎን ያሰረው ለውበት ብሎ አልነበረም፤ ሥራው ፈጣንና ርካሽ እንዲሆን፣ ሲበላሽም ተፈትቶ እንዲቀየር ነው። ዛሬ በወራት ወረፋ፣ በእጥፍ ድርብ ዋጋ፣ በእጅ የሚቀዳው እንግዲህ ለጅምላ ምርት የተነደፈው ያ ጊታር ነው።

አንድ ደንበኛዬ ያመጣውን ልንገራችሁ። አካሉ ማር የመሰለ፣ አንገቱ እንደ ሐር የለሰለሰ ቡቲክ ነው። በቱነር ቢቃኘውም ኮርድ ሲይዝ ይጎረብጣል። ፒክአፕ ሊያስቀይር ወስኖ ነው የመጣው። ወፍራሙን ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ ተጫንኩና አንደኛው ፍሬት ላይ በክሩና በብረቱ መካከል ያለውን ክፍተት አየሁ። ፀጉር የምታህል ብርሃን ብቻ መታየት ነበረባት፤ እኔ ግን የስም ካርድ አስገባሁበት፣ ወለል ብሎ ገባ። ነቱ፣ ማለትም ክሮቹ ወደ አንገቱ ሲገቡ የሚያርፉባት ትንሿ ድልድይ፣ ቦዮቿ በደንብ አልተሞረዱም። ስለዚህ አንደኛው ፍሬት ላይ በተጫነ ቁጥር ክሩ ከልክ በላይ ይወጠርና ድምፁ ሽቅብ ይወጣል። ሃያ ደቂቃ ሞረድኩ። «አሁን እንጨቱ ተናገረ!» አለ።

አላስቻለኝም። ጠረጴዛዬ ላይ የአንድ ተማሪ የፋብሪካ ጊታር ነበር፤ ተመሳሳይ ዓይነት ፒክአፕ ያለው፣ ነቱንና ፍሬቱን የጨረስኩለት። የደንበኛዬን ፊት ወደ ግድግዳው አዙሬ ሁለቱንም በአንድ አምፕ፣ ቮልዩማቸውን አስተካክዬ ተጫወትኩለት። (ቮልዩሙን ካላስተካከላችሁ ፈተናው ዋጋ የለውም፤ ጆሮ የጮኸውን ሁሉ የተሻለ ነው ይላል።) «ሁለተኛው የእኔ ነው፣ በደንብ ይታወቃል» አለ። የተማሪው ነበር። ጥቂት ዝም ብሎ «አምፕህ ጥሩ አይደለም» አለኝ። ስለ አምፕ ማውራት በመጀመሩ ደስ አለኝ።

ስለዚህ ጊታራችሁ ድምፁ ካልጣማችሁ፣ ጊታር ከመቀየራችሁ በፊት ክር ቀይሩ። የስንት ወር ክር እንደሆነ ለመናገር የሚያፍር ሰው ብዙ ነው። ቀጥሎ ካቻቢቴ ያዙና የፒክአፑን ከፍታ ሞክሩ፦ አንድ ዙር አውርዱ፣ አዳምጡ፣ አንድ ዙር መልሱ። ስትራቶካስተር መሰል ጊታር ላይ ከመጠን በላይ ከፍ ካደረጋችሁት ማግኔቱ ክሩን ይጎትተዋል፤ ወፍራሙ ክር ወደ አካሉ የተጠጉት ፍሬቶች ላይ ሁለት ድምፅ ያወጣል፣ የቱነሩም መርፌ አልረጋ ይላል። ይህን «የቅኝት ችግር» ብለው መቃኛውን በሙሉ ያስቀየሩ አውቃለሁ። ከዚያ ነቱን፣ ፍሬቱን፣ የአንገቱን ጉብጠት ለሚያውቅ ሰው አሳዩ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተሻለው የስፒከሩ ተራ ነው። ጊታሩ መጨረሻ ላይ ነው።

ታዲያ ቡቲክ ገንዘቡን የሚበላው በከንቱ ነው? አይደለም። ግራ እጃችሁ ያውቀዋል። የፍሬቱ ጫፍ መዳፍ አይቧጭርም፣ አንገቱ በእናንተ እጅ ልክ ይቀረጻል፣ ክብደቱ ተመርጦ ትከሻ አያጎብጥም፣ ሲበላሽ የሠራውን ሰው ራሱን ታናግራላችሁ። ሦስት ሰዓት መድረክ ላይ ለሚቆም ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ነቱ ያልተሞረደ ቡቲክም እንዳለ አይታችኋል። ጊብሰን ደግሞ ፍሬቱን ለክቶ በሚሞርድ፣ ፕሌክ በሚባል ማሽን ያስተካክላል፤ ፋብሪካ ሁሉ ግዴለሽ ነው ማለትም አይቻልም።

«ዋጋውን ይይዛል» የሚሉትን ግን ተዉት። ከጥቂት ታዋቂ ስሞች በስተቀር ቡቲክ ሲሸጥ ይቀንሳል፤ የታወቀ የፋብሪካ ስም ያለውን ሁሉም ያውቀዋል፣ ቶሎ ይሸጣል። በእጃችሁ ልክ ያሰፋችሁት አንገት ለገዢው እጅ አልተሰፋም። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር ነው፤ ገዢውም በቪዲዮ አይቶ ይመጣል፣ ይዞት ይመልሰዋል።

ያው ደንበኛዬ ሰሞኑን ተመልሶ መጣ። ሁለተኛ ቡቲክ ገዝቷል፣ አረንጓዴ። ስለ ድምፁ አንድም ቃል አልተነፈሰም። «ቀለሙን ወደድኩት» አለኝ። በዚህስ አልከራከረውም። ሦስተኛው ፍሬት ላይ ተጫንኩና አንደኛውን አየሁለት።