ሰንጢ፦ ሰው የሚለውና ብረቱ የሚለው

ሰፈራችን ውስጥ ባጃጅ የሚነዳ አንድ ጎረምሳ አለ። የሰንጢ ፍቅር የተጋባበት ከኔ ነው። እናቱ እስካሁን ይቅር አላለችኝም። በቀደም ከሰዓት፣ የድሬ ፀሐይ ሰውን ከጥላ ወደ ጥላ በሚያባርርበት ሰዓት፣ ደጃፌ መጥቶ ዱካ ላይ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ የርካሽ ነገር በቃኝ። አሁን ደህና ሰንጢ ልገዛ ነው» አለኝ።

ብሩን አጠራቅሟል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድም አለው። የቀረው ምን እንደሚያስመጣ መወሰን ነው። እስቲ የምታውቀውን ንገረኝ አልኩት። ከቪዲዮና ከጓደኛ የለቃቀመውን ሁሉ ዘረገፈልኝ። ግማሹ ስህተት ነው። አልሳቅኩበትም። እኔም በሱ ዕድሜ ያንኑ አምኜ ስንት ብር በትኛለሁ።

«ዋናው የብረቱ ስም ነው»

«ኤም390 ካልሆነ አልገዛም» ብሎ ጀመረ።

ኤም390 ክፉ ብረት አይደለም። የኦስትሪያው ቦለር የሚሠራው ነው። 20 በመቶ ያህል ክሮሚየም፣ 4 በመቶ ያህል ቫናዲየም አለው። የቀለጠው ብረት ተረጭቶ ዱቄት ይሆናል፤ ዱቄቱ በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ተጨምቆ መልሶ አንድ ይሆናል። ውስጡ ያሉት ጠንካራ ቅንጣቶች ደቃቅ ሆነው በእኩል ስለሚበተኑ አፉ ቶሎ አይደነዝም። ይህ ሁሉ እውነት ነው።

ግን የብረት ስም እንደ ቡና ስም ነው። ሁለት ሴቶች ያንኑ የሐረር ቡና ይዘዋል፤ አንዷ ትቆላዋለች፣ ሌላዋ ታሳርረዋለች። ሰንጢም ሲሠራ ብረቱ መጀመሪያ ይግላል፤ ከዚያ ቶሎ እንዲቀዘቅዝ ይደረጋል፤ ቀጥሎ ለስለስ ባለ ሙቀት እንደገና ይበስላል። እዚህ ላይ ሙቀቱ ወይም ሰዓቱ ከተዛባ፣ ስለቱ ላይ የተቀረጸው ስም ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ተራ ብረት ይዞ በደንብ የሚያበስል ፋብሪካ፣ ውድ ብረት ይዞ ከሚያሳርረው ይበልጣል።

ሌላም ማንም የማይጠይቀው ነገር አለ። ውፍረቱ።

አጎቴ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ነበር የሚሠራው። እጀታው እንጨት የሆነ አንድ የፈረንሳይ ሰንጢ ነበረው፤ ኦፒኔል። ከ1890 ጀምሮ (እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ሳቮይ በሚባለው የፈረንሳይ ተራራማ አገር የሚሠራ ነው። መጠኑ በቁጥር ይለያል። የሱ 8 ቁጥር ነበር፤ ስለቱ 8.5 ሳንቲ ሜትር። ብረቱ ተራ የካርቦን ብረት ነው፤ ዛሬም ዋጋው 20 ዶላር አካባቢ ነው። ጀርባው ግን 2 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ወደ አፉ ሲወርድ ደግሞ እየሳሳ እየሳሳ ይሄዳል። አጎቴ ማንጎ ሲልጥ ልጣጩ ሳይበጠስ አንድ ረጅም ጥብጣብ ሆኖ ጉልበቱ ላይ ይወርድ ነበር።

እኔ ካደግኩ በኋላ ከሱ አሥር እጥፍ የሚያወጣ፣ ጀርባው እንደ መጥረቢያ የወፈረ ሰንጢ ገዛሁ። ብረቱ ስም ያለው ነው። ካሮት ልቆርጥበት ስሞክር ካሮቱን ፈለጠው። መቁረጥ አይደለም፣ መፍለጥ! እንደ ማገዶ ቋ ብሎ ለሁለት ተሰነጠቀ። ዛሬ ያ ሰንጢ የካርቶን መክፈቻ ሆኗል።

ለልጁም ያልኩት ይህንኑ ነው። መጀመሪያ ቅጥነቱን እይ። ቀጥሎ ማን እንዳበሰለው ጠይቅ። የብረቱ ስም ከዚያ በኋላ ይመጣል።

«ጠንካራ በሆነ ቁጥር ይሻላል»

የብረት ጥንካሬ የሚለካው ሮክዌል በሚባል መለኪያ ነው። ጫፉ አልማዝ የሆነ ሾጣጣ ነገር ብረቱ ላይ በኃይል ይጫናል፤ ምን ያህል እንደሰመጠ ይነበባል። ብዙም ካልሰመጠ ቁጥሩ ይጨምራል። የስዊዙ ቪክቶሪኖክስ ሰንጢዎች 56 አካባቢ ናቸው። ውድ የሚባሉት ብዙዎቹ 60ን ያልፋሉ።

ልጁ ይህን ሲሰማ «እና 56 ምን ያደርጋል?» አለ። ጥንካሬ ሲጨምር ግን ቻይነት ይቀንሳል። ለስላሳው ብረት አጥንት ሲነካ ይታጠፍና በትንሽ መሞረድ ይመለሳል። ደረቁ ይሸረፋል። የተሸረፈ አፍ እስኪስተካከል ግማሽ ቀን ድንጋይ ላይ መፋቅ ነው። ስዊዞቹ ከ1891 ጀምሮ ለወታደሮቻቸው ሰንጢ ሲሠሩ ኖረዋል፤ ብረቱን ለዘብ ያደረጉት ጠፍቷቸው አይደለም።

«አይዝጌ ብረት አይዝግም»

አቦ፣ ይህን የሚል ሰው ድሬዳዋ በሚያዝያ ይምጣ!

የማይዝግ የሚባለው ብረት ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ያለው ነው። ሃሪ ብሬርሊ የሚባል እንግሊዛዊ በ1913 ሸፊልድ ውስጥ ያወጣው ዓይነት ማለት ነው። ክሮሚየሙ ብረቱ ላይ ለዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ይሠራል። ያ ሽፋን ዝገትን ያዘገያል እንጂ ጨርሶ አያስቀረውም። ጨው ሲያገኘው ይሸነፋል። ላብ ደግሞ ጨው ነው። እዚህ አገር ኪስ ውስጥ የዋለ ሰንጢ ላብ ውስጥ ዋለ ማለት ነው።

ዲ2 የሚባለው በየርካሹ ሰንጢ ላይ የሚታይ ብረት ይበልጥ ያታልላል። 12 በመቶ ያህል ክሮሚየም አለው፤ ቁጥሩን ያየ «አይዝግም» ይላል። ግን 1.5 በመቶ ያህል ካርቦንም አለው። ካርቦኑ ክሮሚየሙን ይዞ ቅንጣት ስለሚያደርገው ለሽፋን የሚተርፈው ያንሳል። የኔ ዲ2 በሁለት ሳምንት ኪስ ውስጥ ቡናማ ነጠብጣብ አወጣ።

የአጎቴ ኦፒኔል ደግሞ ከሎሚና ከማንጎ ብዛት ጠቁሮ ነበር። ያ ዝገት አይደለም። ጥቁሩ ሽፋን እንዲያውም ቀዩን ዝገት ትንሽ ይከላከላል። ማታ ማታ በጨርቅ ማድረቅና መታጠፊያው ላይ አንዲት ጠብታ የልብስ ስፌት ማሽን ዘይት ጠብ ማድረግ ይበቃል። የምግብ ዘይት አታድርጉ። ይረጋል፤ የደቻቱ አቧራ ሲጨመርበት እንደ ሙጫ ይሆናል።

«ደማስቆ ከሁሉ ይበልጣል»

ሞገድ ሞገድ ያለው ስለት ነው። ዛሬ ደማስቆ ተብሎ የሚሸጠው ሁለት ዓይነት ብረት ተደራርቦ፣ ተቀጥቅጦ፣ በአሲድ ታጥቦ መልኩ የወጣለት ነው። በደንብ ከተሠራ ያምራል፤ በደንብ ከተሠራ አንድ ብረት ግን በመቁረጥ አይበልጥም። በርካሹ ላይ የሚታየው ሞገድ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ላዩ ላይ የታተመ ሥዕል ነው። እኔ የገዛሁት በብርጭቆ ወረቀት ሁለት ጊዜ ስፈትገው ሞገዱ ወረቀቱ ላይ ቀረ።

«መቆለፊያ ካለው አይታጠፍም»

ይህችን በጣቴ ነው የተማርኳት።

ከአንድ ሱቅ የሚያብረቀርቅ ባለመቆለፊያ ሰንጢ ገዛሁ። ሲከፈት «ቀጭ» ይላል፣ ደስ ይላል። ሸንኮራ እየላጥኩበት ስለቱ አንጓው ላይ ተነከሰ። ላወጣው ወዘወዝኩት። መቆለፊያዋ ሸርተት አለችና ስለቱ ሌባ ጣቴ ላይ ታጠፈ። ሦስት ስፌት።

ያቺ መቆለፊያ ከእጀታው ውስጥ ገፋ ብላ ከስለቱ ጀርባ የምትቆም ስስ ብረት ናት። አሠራሩን ዛሬ ባለው መልክ ያወጣው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ማይክል ዎከር የሚባል አሜሪካዊ ነው። በደንብ ከተሠራ እጅግ ጥሩ ነው። የኔው ላይ ግን ብረቷ ስለቱን የያዘችው በጫፏ ብቻ ነበር። ከመግዛቴ በፊት ከፍቼ ወደ ውስጥ ባይ ኖሮ ይታየኝ ነበር። ሌሎችም ዓይነቶች አሉ። የኦፒኔል ከ1955 ጀምሮ በሚዞር ቀለበት ይቆለፋል። በ1964 ገበያ የወጣው ባክ 110 ከጀርባው ተጭኖ ነው የሚለቀው። ቀዩ የስዊዝ ሰንጢ በአብዛኛው ጭራሽ መቆለፊያ የለውም፤ ሞላ ብቻ ነው።

ማንኛቸውም ቢሆኑ እንደማይታጠፍ ቢላ አይሆኑም። ሰንጢ ለመቁረጥ ነው። መውጋት፣ መፈልቀቅ፣ ብሎን መፍታት የሱ ሥራ አይደለም።

ደህና ገንዘብ ሲከፈል ልዩነቱ በግልጽ የሚታየው ግን እዚህ መታጠፊያው ላይ ነው። ጥሩ ሰንጢ ሲታጠፍ ስለቱ ከእጀታው መሃል ልክ ይገባል፤ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አያጋድልም። ተከፍቶ ጫፉ ሲያዝ አይነቃነቅም። ሲከፈት ቅባት ላይ እንደሚሄድ ነው። ሰቤንዛ የሚባለው የክሪስ ሪቭ ሰንጢ ከ400 ዶላር በላይ የሚጠየቅበት አንዱ ምክንያት ይኸው የአገጣጠሙ ጥራት ነው። ተገቢ ዋጋ ነው? ለኔ አይደለም። አንድ ጊዜ በእጄ ይዤው ግን ለመመለስ አቅማምቻለሁ።

«ከባድ ከሆነ ጥሩ ነው»፣ «የቻይና ከሆነ ቆሻሻ ነው»

ሁለቱን ባንዴ ልለፋቸው። የኦፒኔል 8 ቁጥር 50 ግራም እንኳ አይሞላም። ክብደት ሱሪ ያወርዳል እንጂ አይቆርጥም። ቻይናን በተመለከተ፣ የሚያስቀው ሐሰተኛም፣ አሜሪካኖቹን የሚያሳስበው ምርጥም ከዚያው አገር ነው የሚወጣው። ስፓይደርኮን የመሰለ የኮሎራዶ ድርጅት እንኳ አንዳንድ ሰንጢዎቹን ቻይና ያሠራል። የትም ይሠራ፣ ከፍታችሁ፣ አጥፋችሁ፣ ነቅንቃችሁ እዩ።

«ውድ ሰንጢ መሳል አያስፈልገውም»

ልጁ ይህን ሲል ስኒዬን አስቀመጥኩ።

የማይደነዝ ብረት የለም። ውዱ ዘግይቶ ይደነዝዛል፤ ሲደነዝ ግን ለመሳል እሱ ነው የሚብሰው። ሳይደነዝ ያቆየው ጠንካራ ቅንጣት መሳያ ድንጋዩንም ይታገላል። ስለዚህ መሳል ሳይችሉ ወደ ውድ ብረት መሄድ መንዳት ሳይማሩ መኪና እንደመግዛት ነው። «ዱልዱም ቢላ አደጋ የለውም» የሚሉም አሉ። ዱልዱም ቢላ ጉልበት ይጠይቃል፤ ጉልበት የበዛበት እጅ ደግሞ ይስታል።

«ለባለ ግራይንደሩ እሰጠዋለሁ» አለኝ። እንዳታደርገው! ደረቅ ግራይንደር ላይ አፉ በሰከንዶች ይግላል። የካርቦን ብረት ሰማያዊ ካለ 300 ዲግሪ አካባቢ ደርሷል፤ ፋብሪካው ያበሰለው እዚያች ቦታ ላይ ተበላሸ ማለት ነው።

ከዚያ ቡናዬን ጨረስኩና ስኒውን ገለበጥኩት። የስኒ ቂጥ ላይ ያልተቀባች ሻካራ ቀለበት አለች። እሷ የሸክላ መሳያ ናት። ሰንጢውን ቀጥ አድርጌ አቆምኩት፤ 90 ዲግሪ። ግማሽ አጋደምኩት፤ 45። አሁንም ግማሽ፤ 22 አካባቢ። ከዚያ ትንሽ ዝቅ። ቀጭን ገለባ ከስኒው ላይ እንደሚላጥ አድርጌ ከሥሩ እስከ ጫፉ ሳብኩት። ጭር… ጭር… ይላል። አልተጫንኩም፤ የሰንጢው ክብደት ይበቃል። አሥር ጊዜ በዚህ፣ አሥር ጊዜ በዚያ።

«ዳብሰው» አልኩት፤ ከአፉ ወደ ውጭ፣ በአውራ ጣቱ ሆድ። መጨረሻ ከተሳለው ጎን በተቃራኒው በኩል ፀጉር የምታህል ሻካራ ጠርዝ ወጥታለች። ያቺ ጠርዝ ካልወጣች ገና አልተሳለም። ስትወጣ ደግሞ በቀላል እጅ እያፈራረቁ ይጠርጓታል፤ መጨረሻ ላይ በአሮጌ የቆዳ ቀበቶ ወደ ኋላ ይጎትቱታል። ጋዜጣ አነሳሁና ቆረጥኩ። ድምፅ የለውም።

ስኒ ያልሞተውን አፍ ነው የሚያድሰው። ጨርሶ ለዶለዶመ ድንጋይ ያስፈልጋል። እንደ ኤም390 ላለው ደግሞ የአልማዝ መሳያ ይሻላል።

«ሰንጢ የዱርዬ ነው»

ይህኛው የልጁ አይደለም፣ የእናቱ ነው። ሙሉ በሙሉ ስህተት ነው ማለት ይከብደኛል። ሰንጢ የሚለው ቃል ራሱ በኛ አገር የመንደር ጠብ ያስታውሳል። እኔ ብርቱካን እልጥበታለሁ፣ ገመድ እቆርጥበታለሁ፤ ባንክ በር ላይ ያለው ጥበቃ ግን ይህን በምን ያውቃል? ስለዚህ ፍተሻ ያለበት ቦታ ስሄድ ቤት እተወዋለሁ። በአውሮፕላን ስሄድ ከሚጫነው ሻንጣ ጋር እንጂ በእጄ አልይዝም። ሲጠየቁ መከራከር ደግሞ ሰንጢውንም ቀኑንም ያስወስዳል።

ልጁ መጨረሻ ላይ 8 ቁጥር ኦፒኔልና አንድ መሳያ ድንጋይ አዘዘ። የተረፈውን ብር ለባጃጁ ጎማ አዋለው።

በሦስተኛው ቀን እናቱ መጣች። ሰላምታ የለም። ከነጠላዋ ሥር ስኒ አወጣችና ገልብጣ አሳየችኝ። ቂጡ ዙሪያውን ግራጫ ሆኗል።

«አቦ፣ ስድስቱም እንዲህ ናቸው» አለችኝ።