ካምፍግሩፐ 100፦ ለሌሎች መንገድ የሚያበራው ቦምብ ጣይ ክፍል

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ በሌሊት ቦምብ መጣል በጭፍን እንደ መወርወር ነበር። ከተማው መብራቱን ካጠፋ አብራሪው የት እንዳለ እንኳ አያውቅም። የጀርመን አየር ኃይል ለዚህ መላ ብሎ ያዘጋጀው ልዩ ክፍል ካምፍግሩፐ 100 ይባላል። የሚበረው ሄንከል 111 በተባለ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ነበር። በ1940 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወደ ብሪታንያ የሚነሳው ከፈረንሳይዋ ቫን ከተማ ነበር።

ክፍሉን ከሌላው የሚለየው ኤክስ የተባለው መሣሪያው ነው። አንድ ቀጭን የራዲዮ ሞገድ በቀጥታ ወደ ዒላማው ይላካል፤ አውሮፕላኑ እሱን ይዞ ይበራል። ሌሎች ሞገዶች መንገዱን ያቋርጡታል። ለዒላማው 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀር የአንድ ልዩ ሰዓት ቀስት መሄድ ይጀምራል። 5 ኪሎ ሜትር ሲቀር ያ ቀስት ይቆምና ሁለተኛው በሦስት እጥፍ ፍጥነት ይከተለዋል። ሲደርስበት ቦምቡ በራሱ ይለቀቃል። ነገሩ ቀላል ሒሳብ ነው፦ 15 ኪሎ ሜትሩ የፈጀው ጊዜ ከታወቀ፣ ለቀሪው 5 ኪሎ ሜትር ሲሶው ይበቃል።

ኖቬምበር 14 ቀን 1940 ምሽት የክፍሉ 13 አውሮፕላኖች በዚህ ዘዴ ኮቨንትሪ ላይ ተቀጣጣይ ቦምብ ጣሉ። ከ400 በላይ ቦምብ ጣዮች እሳቱን እያዩ ተከተሏቸው። 568 ሰው ሞተ። የቅዱስ ሚካኤል ካቴድራል ግድግዳውና ማማው ብቻ ቀረ።

ይህ ሊቀንስ ይችል ነበር፤ ሳስበው አሁንም ያንገበግበኛል። ከጥቂት ቀናት በፊት ከክፍሉ አውሮፕላኖች አንዱ ደቡብ እንግሊዝ ባሕር ዳርቻ ላይ ወድቆ መሣሪያው ተይዟል። ብሪታንያውያን ሞገዱን ጃም የሚያደርጉ (የሚያውኩ) ማሠራጫዎችም ነበሯቸው። ግን ሞገዱ የሚይዘውን ድምፅ ልክ ስተው በ2,000 ፈንታ በ1,500 ኸርዝ ሞሉት። የጀርመኖቹ መሣሪያ ደግሞ የተሳሳተውን ድምፅ አጣርቶ ያስቀረዋል።

በ1941 ክፍሉ ወደ ሶቪየት ግንባር ዞረ፤ በዓመቱ መጨረሻም ካምፍገሽቫደር 100 ለተባለው ትልቅ ክፍል መነሻ ሆነ። በ1943 ይኸው ክፍል ሜዲትራኒያን ላይ የተጠቀመበት ግን ሌላ ዓይነት መሣሪያ ነው። ፍሪትዝ ኤክስ ወደ 1,400 ኪሎ የሚመዝን ቦምብ ነው። ከአውሮፕላን ከተለቀቀ በኋላ በራዲዮ እየተመራ ይወርዳል። ጅራቱ ላይ ብርሃን አለው፤ አውሮፕላኑ ላይ ያለው መሪ ያንን በዓይኑ እየተከተለ ያቃናዋል።

ጣሊያን እጅ መስጠቷ በተነገረ ማግሥት፣ ሴፕቴምበር 9፣ ሁለት ፍሪትዝ ኤክስ ሮማ የተባለውን የጣሊያን የጦር መርከብ መቱት። መርከቡ ለሁለት ተሰብሮ ሰመጠ። ከአድሚራል ካርሎ ቤርጋሚኒ ጋር ከ1,200 በላይ ባሕረኞች አለቁ፤ የመቷቸው የትናንት አጋሮቻቸው ጀርመኖች ናቸው። በቀጣዮቹ ቀናት ጣሊያን ውስጥ ሳሌርኖ አጠገብ የአሜሪካው ሳቫናና የብሪታንያው ዋርስፓይት የተባሉ የጦር መርከቦች ክፉኛ ተጎዱ።

ብዙም ሳይቆይ ብሪታንያውያንና አሜሪካውያን ይህንንም ራዲዮ ጃም ማድረግ ቻሉ፤ ክፍሉም ጦርነቱ ሳያልቅ ፈረሰ። የሮማ ስብርባሪ በ2012 ከሰርዲኒያ ሰሜን፣ 1,000 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ተገኘ።