ነጭ ነጯን፦ ከሰርገኛው መሃል የተለቀመ ነገር

የእህቴ ልጅ የሰርግ አልበም አዳማ የደረሰው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ቡና ተፈልቷል፣ ፈንዲሻው ቀርቧል፣ ቤተሰቡ ሶፋው ላይ ተደራርቧል። አልበሙ ሲከፈት ግማሹ ፎቶ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ተገኘ። ትልቋ አክስቴ መነጽራቸውን አስተካክለው ሁለት ሦስት ገጽ ገለጡና ቀና አሉ።

«ነጭ ነጯን ልንገራችሁ? ይሄ የሰርግ ሳይሆን የአርባ ፎቶ ነው የሚመስለው። ከለሩን ማን በላው?»

ሙሽሪት ኩም አለች። እኔን ግን ሌላ ነገር ያዘኝ። ቀለም ጠፋ ብለው የተቆጡት ሴትዮ ቁጣቸውን የጀመሩት በቀለም ነው።

«ነጭ ነጯን ንገረኝ» ስንል ሳትሸፋፍን፣ ሳትቀባባ እውነቱን አውጣው ማለታችን ነው። ሐኪም ምርመራውን ካየ በኋላ ነጭ ነጯን ይናገራል። የቤት ደላላም «ነጭ ነጯን እናውራ» ይላል፤ ከዚያ በኋላ የሚያወራው ምን ያህል ነጭ እንደሆነ ሌላ ጉዳይ ነው። አባባሉ ጎረቤትም አለው፦ «እቅጩን» የሚለው። ለእኔ ግን ሁለቱ ይለያያሉ። እቅጩን ለዋጋ፣ ለቁጥር፣ ለቀጠሮ ይሆናል። ነጭ ነጯን ሰው ለደበቀው ነገር ነው።

ግን ለምን ሁለቴ? አንዴ «ነጩን ንገረኝ» ብንል ምን ይጎድላል?

ቲማቲም ሻጭ ዘንድ ሄዳችሁ «ቀይ ቀዩን ምረጪልኝ» ስትሉ፣ ከተቀላቀለው መሃል ቀዩን ብቻ እየለየሽ አውጪ ማለታችሁ ነው። ድንች ሲሆን «ትልቅ ትልቁን» ትላላችሁ። ቃሉ ሲደገም ለቀማ ይሆናል። ስለዚህ «ነጭ ነጩን» የሚለው የለቃሚ ቋንቋ ነው። ከተደባለቀው መሃል ነጩን እየለየህ አምጣ ነው ነገሩ። «ነጯን» ሲባል ደግሞ ወሬዋ ትንሽ ትሆንና እንደ ጓደኛ ትቀርባለች።

አዳማ እህል ተራ ገብቶ ለሚያውቅ ሰው ይሄ እንግዳ አይደለም። ገዢዋ ከጆንያው አንድ እፍኝ ጤፍ ትዘግናለች። መዳፏ ላይ ትዘረጋዋለች፣ እፍ ትላለች፣ እጇን ወደ ብርሃን ታዘነብላለች። ማኛ ነው የተባለው ውስጥ ቀይ ፍሬ ካየች ፊቷን ታጨማድዳለች። «ይሄማ ሰርገኛ ነው!» ሰርገኛ ነጩና ቀዩ የተቀላቀለበት ጤፍ ነው። እኔ «ነጭ ነጯን» ሲባል የምሰማው በዚህ ጆሮ ነው። ሰርገኛ ወሬ አታምጣብኝ፣ ለይተህ ስጠኝ።

አባባሉ ነጭ ስላለ ስለ ደግነትና ስለ ንጽህና ብቻ የሚያወራ የሚመስለው ሰው ካለ፣ «ነጭ ውሸት»ን ያስታውስ። በእንግሊዝኛ ነጭ ውሸት የሚባለው ማንንም የማይጎዳ፣ ለይሉኝታ የሚዋሽ ነው። የእኛው ግን ዓይን ያወጣ ቅጥፈት ነው። «የነጣ ድሃ»ም አለ፤ ኪሱ ጥርግ ያለ፣ ምንም ያልቀረው። እውነቱም ነጭ፣ ውሸቱም ነጭ፣ ድህነቱም ነጭ። ሦስቱን የሚያገናኛቸው ምንም ያልተቀላቀለባቸው መሆኑ ነው።

ወደ አልበሙ ልመለስ። አንድ ፎቶ ላይ አያታችን ሙሽሪትን ይመርቃሉ። የዚያኑ ቅጽበት ባለከለሩን ስልክ ላይ አይቼዋለሁ። እዚያ ዓይኔ የሄደው ወደ ሮዝ ፊኛዎቹና ወደ ቀዩ ምንጣፍ ነበር። በጥቁርና ነጩ ፊኛው ግራጫ ሆኖ ከግድግዳው ጋር ተመሳሰለ። ያኔ የአያቴ እጅ ታየኝ። የሙሽሪትን አንጓ አጥብቀው ይዘዋል፤ ደም ሥራቸው ተገትሯል። ፎቶው ነጭ ነጯን ለቅሞ አመጣልኝ።

ሠዓሊዎች ይህን ድሮ ያውቁታል። በ1937 እ.ኤ.አ. ሚያዝያ የጀርመንና የጣሊያን አውሮፕላኖች ጌርኒካ የተባለችውን የስፔን ከተማ ደበደቡ። (ጣሊያን ያው እኛንም የወረረው የፋሺስቱ መንግሥት ነው።) ፒካሶ ፓሪስ ሆኖ ወሬውን ጋዜጣ ላይ አነበበ፤ ወደ 8 ሜትር የሚጠጋ ስፋት ባለው ሸራ ላይም በጥቁር፣ በነጭና በግራጫ ብቻ ሣለው። በዚያ ሁሉ እልቂት መሃል ደሙ ቀይ አይደለም። ቀይ ቢኖር ዓይናችን እዚያው ይቀር ነበር። አሁን ግን ከሞተ ልጇ ጋር ወደምትጮኸው እናት አፍ ይሄዳል።

ቻይናዎች ደግሞ ጥቁሩ ቀለም ውስጥ አምስት ቀለም አለ ይላሉ። ብሩሹ ሲረጥብ፣ ሲደርቅ፣ ሲወፍር፣ ሲቀጥን አንዱ ጥቁር ይባዛል። የእኛም «ቀለም» መጻፊያውንም ከለሩንም፣ ትምህርቱንም ጭምር ይሸከማል። የተማረውን ሰው «የቀለም ቀንድ» የምንለው ቀንድ ውስጥ ተሞልቶ ከነበረው ከዚያው መጻፊያ ተነስተን ነው።

ነጭም ቢሆን አንድ አይደለም። ማሌቪች የተባለው ሠዓሊ በ1918 እ.ኤ.አ. ነጭ ላይ ነጭ ካሬ ሣለ። ብዙ ሰው ይስቅበታል። የሀበሻ ልብስ የምትሸጥ ሴት ግን የምትስቅ አይመስለኝም። የእጅ ፈትል ነጩ ወደ ወተት ያደላል፣ የፋብሪካው ክር ዓይን ይወጋል፣ አብረው ከተለበሱ ወዲያው ይታወቃል። ያው ነጭ ነጠላ ዘቅዝቀው ጥለቱን ወደ አንገት ሲያወጡት ሐዘን ነው፤ አስተካክለው ሲያጣፉት ዓውደ ዓመት። አክስቴ «የአርባ» ያሉት ከዚህ ጆሮ ነው እንጂ ጥበብ ስላልገባቸው አይደለም። (አዳማ ላይ ነጭ ጫማ ግን አልመክርም፤ ነፋሱና አቧራው እስከ ምሳ ሰዓት ሰርገኛ ያደርገዋል።)

ሰኞ ፎቶ ቤቱ ሄድኩ። ግማሹን ለምን ጥቁርና ነጭ እንዳደረገው ልጁን ጠየቅኩት። ስለ ስሜት፣ ስለ ክላሲክ ስታይል ማውራት ጀመረ።

«ወንድሜ፣ ነጭ ነጯን።»

ሳቀ። አዳራሹ ውስጥ ሁለት ዓይነት መብራት ነበር፤ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ወደ አረንጓዴ የሚሄድ። የሰዉ ሁሉ ፊት በአንድ ጎን አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። ማስተካከሉ ቢያቅተው ከለሩን አጠፋው። ግራጫ ውስጥ አረንጓዴ ፊት የለም።

ማታ ለአክስቴ ነገርኳቸው። ምንም አላሉም። አልበሙን አንስተው የአያታችን እጅ ያለበት ገጽ ላይ ቆዩ።

«ይቺን አሳድገህ አሳጥብልኝ» አሉ በመጨረሻ።

«በከለር?»

«ፊታችን አረንጓዴ ነው አላልክም እንዴ? ተዋት እንደዚሁ።»