ተሳቢው ጅራቱን የሚቆላው ለምንድን ነው?

ካራቫን ወይም ሌላ ተሳቢ በፒክአፕ ስትጎትቱ «የመንጠቆ ክብደት» የሚባል ነገር አለ። ብዙ ሰው ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ጋር ያምታታዋል። ተሳቢው የፒክአፑን መንጠቆ ቁልቁል የሚጫንበት ክብደት ብቻ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከጠቅላላው ከ10 እስከ 15 በመቶ እንዲሆን ይመከራል፤ አውሮፓ ዝቅ ይላል። ተሳቢው ከነጭነቱ 1,000 ኪሎ ከሆነ፣ መንጠቆው ላይ ከ100 እስከ 150 ኪሎ ያርፋል ማለት ነው።

ለምን መሰላችሁ? ከባዱን ዕቃ ከተሳቢው ጎማ ወደ ኋላ ከጫናችሁት፣ ልክ እንደ ሚዛን ኋላው ሲወርድ ፊቱ መንጠቆውን ወደ ላይ ያነሳዋል፣ ተሳቢውም ግራ ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል። ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር ስትወርዱ ደግሞ ይብሳል፤ ቁልቁለት ላይ ተሳቢው ከኋላ ይገፋችኋል። ስለዚህ ከባዱን ጎማው አካባቢ፣ ትንሽ ወደ ፊት አድርጉት። ግን ፊት ላይ ብቻ አትከምሩት፤ የፒክአፑ ኋላ ይዘቅጥና የፊት ጎማው ይቀላል፣ ያኔ መሪውም ፍሬኑም እንደልብ አይታዘዝም።

ከተወዛወዘ እባካችሁ ፍሬን በኃይል አትርገጡ። መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ ነዳጁን ቀስ ብላችሁ ልቀቁት።