ጅብራና መዶሻ ራስ ሻርክ፦ ሁለት አዝጋሚ ሕይወቶች

ጅብራ በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ብቻ የሚበቅል ግዙፍ የዱር አበባ ተክል ነው። መዶሻ ራስ ሻርክ (እዚህ የሚወሳው Sphyrna lewini የተባለው ዝርያ) ደግሞ ቀይ ባሕርን ጨምሮ በሞቃታማ ባሕሮች የሚኖርና ከምድረ ገጽ ለመጥፋት የተቃረበ ዓሣ ነው። ሁለቱን ለንጽጽር የሚያበቃቸው አዝጋሚ ዕድገታቸው ነው።

ጅብራ በስሜን፣ በባሌ፣ በጮቄና በጉና ተራሮች ውርጭ ቀበሌ ይገኛል። ቀን ፀሐይ፣ ሌሊት አመዳይ በሚፈራረቁበት በዚያ ከፍታ፣ ረጃጅም ቅጠሎቹ ሲመሽ ወደ ውስጥ ታጥፈው መሐል ያለውን ለጋ እምቡጥ ይሸፍናሉ፤ ሲነጋም ይዘረጋሉ። ለብዙ ዓመታት በዚህ ሁኔታ ካደገ በኋላ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የአበባ ዘንግ ያወጣል፤ አበባ ቀሳሚ ወፎች ይጎበኙታል፤ ደቃቅ ዘሩን በትኖም ይደርቃል። የሚያብበው በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ከማበቡ በፊት የተቆረጠ ጅብራ አንዳች ዘር አይተውም።

ሻርኩ ግን በሕይወት ዘመኑ ደጋግሞ ይወልዳል። ሴቷ ለአካለ መጠን ለመድረስ ረጅም ዓመታት የሚፈጅባት ሲሆን፣ እርግዝናዋ ዓመት ሊሞላ ይቃረባል። ለጥፋት ያጋለጠው ዋናው ነገር የመንጋ ልማዱ ይመስለኛል፤ ቀን ቀን በቀይ ባሕር ውስጥ ባለው የሱዳን የኮራል ሪፍ በሳንጋኔብ እንደሚታየው በጥልቅ ዐለቶች ዙሪያ በብዛት ስለሚሰበሰብ፣ ክንፉን ለሾርባ ገበያ የሚፈልጉ አጥማጆች በአንድ ጊዜ ብዙውን ሊይዙት ይችላሉ። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 እጅግ በከፋ የመጥፋት አደጋ ላይ ካሉ ዝርያዎች መድቦታል።

የጥበቃው መንገድም ይለያያል። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፣ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ፣ በ2017 ወጥቷል፤ ሆኖም የፓርክ ወሰን ጅብራን ከመጥረቢያና ከልቅ ግጦሽ እንጂ ከአየር ሙቀት መጨመር አያድነውም። ሙቀቱ ሲጨምር ተክሉ ወደ ላይ መሸሽ የሚችለው ተራራው እስከሚያልቅበት ድረስ ብቻ ነው፤ የጮቄ ጅብራ ጮቄ ላይ ቦታ ቢያጣ ወደ ስሜን ሊሻገር አይችልም።

ሻርኩ በአንጻሩ ወሰን አያቆመውም፤ ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2013 ዓለም አቀፍ ንግዱን በፈቃድ እንዲገደብ ያደረገው ውሳኔ ከየትኛውም ነጠላ ፓርክ የበለጠ ይጠቅመዋል። ግልገሎቹ ግን የመጀመሪያ ዕድሜያቸውን የሚያሳልፉት ጥልቀት በሌለው የባሕር ዳርቻ ውኃ ስለሆነ፣ የንግድ ሕግ የማይደርስበት የአካባቢ አጥማጅ መረብ ይይዛቸዋል።