በአየርላንድ ስሙ የጠፋው ኤርል፦ የሚባለውና የሆነው

ሮበርት ዴቭሩ ወታደርም ባላባትም ነበር። ማዕረጉ የኤሴክስ ኤርል ነው፤ ኤርል የእንግሊዝ የመኳንንት ማዕረግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1599 የእንግሊዝ ንግሥት ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ 16,000 ገደማ እግረኛና 1,300 ፈረሰኛ አስከትላ ወደ አየርላንድ ላከችው። ስድስት ወር ሳይሞላ ነገሩ ሁሉ ተበላሸ። ወሬው የበዛውም ከዚያ ወዲህ ነው።

«የአየርላንድ አማፂዎች መሪ ሂዩ ኦኒል በጦር ሜዳ አሸነፈው» ይባላል። አላሸነፈውም፤ ሁለቱ ዋና ውጊያ ገጥመው አያውቁም። ኤሴክስ የተላከው በሰሜን አየርላንድ፣ አልስተር በሚባለው ግዛት ያለውን ኦኒልን እንዲመታ ነበር። እሱ ግን መጀመሪያ ወደ ደቡብ ወርዶ የካሂርን ግንብ ያዘ። በዚህ መሃል ሠራዊቱ እንደ ጨው ሟሟ። ግማሹን በሽታ ጨረሰው፣ ሌላው ከዳ፣ የተረፈውም በየምሽጉ ለጥበቃ ቀረ። በዚያው ዓመት ከርሉ ተራራ ላይ የተሸነፈው የእሱ አዛዥ ኮንየርስ ክሊፎርድ ነው፤ ክሊፎርድ እዚያው ሞተ።

«ወንዝ ዳር አገሩን ሸጠ» የሚሉም አሉ። ሴፕቴምበር 7 ቀን ኤሴክስና ኦኒል ላጋን ወንዝ መሻገሪያ ላይ ተገናኙ። ኦኒል ፈረሱን እስከ ሆዱ ውሃ ውስጥ አስገብቶ ቆመ፣ ኤሴክስ ዳር ላይ ሆነ። ግማሽ ሰዓት ያህል ያለ ምስክር አወሩ። ቀጥሎ የመጣው ክህደት ሳይሆን ጊዜያዊ ተኩስ አቁም ነው። ግን እንዲህ ያለ ንግግር ያለ ምስክር ይደረጋል? ለኤሴክስ ጠላቶች ከዚህ የተሻለ ስጦታ አልነበረም። ደግሞ ኦኒልን ከጫካ የወጣ ሽፍታ አድርጎ ማሰብ ስህተት ነው። እሱም በእንግሊዝ ዘውድ የታወቀ የቲሮን ኤርል ነበር።

«አንገቱን ያስቆረጠው አየርላንድ ነው» ማለትም ግማሽ እውነት ነው። ንግሥቲቱ እንዳይመለስ ከልክላው ነበር። እሱ ግን ቦታውን ጥሎ ሴፕቴምበር 28 ጠዋት ጭቃ እንደለበሰ መኝታ ቤቷ ዘው አለ። ገና ፀጉሯን አልተሠራችም! ለዚህ የቤት እስር ደረሰበት፣ ሹመቱንም አጣ፤ በሕይወት ግን ነበር። የጨረሰው ዕዳው ነው። በ1600 ንግሥቲቱ ሰጥታው የነበረው የጣፋጭ ወይን ቀረጥ የመሰብሰብ መብት ሳይታደስ ቀረ። ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1601 ጥቂት መቶ ሰዎች ይዞ ለንደን ጎዳና ላይ አመፀ። ሕዝቡ ዝም ብሎ አየው። በ17 ቀኑ ተሰየፈ።

«የንግሥቲቱ ፍቅረኛ ነበር» ለሚለው ማስረጃ የለም፤ በ32 ዓመት ትበልጠዋለች። ንግሥቲቱ ሰጥታዋለች፣ ከሞትም ታድነው ነበር የተባለችው ቀለበትም ኋላ የመጣች ተረት ናት።

አየርላንድን የማያውቅ ወጣት ነበር የሚለው ግን ከሁሉ ያስገርመኛል። አባቱ ዋልተር አልስተርን ለማቅናት ሲደክም ቆይቶ በ1576 ደብሊን ላይ ሞቷል። ያኔ ከአባቱ ጎን ተሰልፎ የነበረው ወጣት የአልስተር መስፍን ደግሞ ሂዩ ኦኒል ነው።