ስለ ጃዝ ሃርፕ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የጃዝ ሃርፕ አልበም ለሰው ባስደመጥኩ ቁጥር የመጀመሪያው ዜማ ሳያልቅ አስተያየት ይመጣል። አብዛኛው በቅን ልብ የሚነገር ነው፤ ግን ሰውን ከጥሩ ሙዚቃ ያስቀራል። ደጋግሜ የምሰማቸውን እዚህ ልመልስ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ሃርፕ ማለት በገና ነው»

በትርጉም ሥራ ሃርፕን «በገና» ማለት የቆየ ልማድ ስለሆነ በማንም አልፈርድም። መሣሪያዎቹ ግን በአሠራር ይለያያሉ። የበገና አሥር አውታሮች ከላይ ካለው ቀንበር ወርደው በገበቴው፣ ማለትም በድምፅ ሳጥኑ፣ ፊት ላይ ተዘርግተው ያልፋሉ፤ ክራርም እንዲሁ ነው። የሃርፕ ክሮች ግን ከድምፅ ሳጥኑ ራሱ ተነስተው ወደ ላይኛው አንገት ይወጠራሉ። ትልቁ የኮንሰርት ሃርፕ 47 ክሮች አሉት፤ ዓይን እንዳይስት የ«ዶ» ክሮች ቀይ፣ የ«ፋ» ክሮች ጥቁር ይደረጋሉ። በገናን በጾም ወራት በተመስጦ ስንሰማ ያደግን ሰዎች ከሃርፕም ያንኑ እንጠብቃለን። ሃርፕ ግን ሲጨፈርበትም የኖረ መሣሪያ ነው።

«ለጃዝ አይሆንም፤ ለጌጥ ነው እንጂ»

በጣም የሚያሳዝነኝ ይህኛው ነው። እንዲህ የሚሉት የሃርፕ ተጫዋቿን እጅ እያዩ እግሯን የማያዩ ናቸው። ከሃርፑ ሥር ሰባት ፔዳሎች አሉ፤ ሦስቱ ለግራ እግር፣ አራቱ ለቀኝ። ለእያንዳንዱ ኖታ አንድ ፔዳል፣ ለእያንዳንዱ ፔዳል ደግሞ ሦስት ማረፊያ አለ። የ«ሲ» ፔዳል አንድ እርከን ወደ ታች ሲረገጥ፣ ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ያሉት የ«ሲ» ክሮች በሙሉ በግማሽ ድምፅ ከፍ ይላሉ። ይህን ሥርዓት ሴባስቲያን ኤራር በ1810 በስሙ ካስመዘገበ ወዲህ አሠራሩ በመሠረቱ አልተለወጠም።

አሁን ጃዝን አስቡ። ስምምነቱ፣ ማለትም አብረው የሚሰሙት ድምፆች፣ በየምቱ ይቀያየራል። ፒያኖ ተጫዋች አሥራ ሁለቱም ድምፆች ከጣቶቹ ሥር ናቸው። ሃርፕ ተጫዋች ግን የሚመጣውን ስምምነት እጇ ከመድረሱ በፊት በእግሯ ማዘጋጀት አለባት፤ ዘግይታ ከረገጠች ክሩ በሌላ ድምፅ ይጮኻል። ትንሿ ጣት አትጫወትም፤ ሥራው ሁሉ በየእጁ በአራት ጣቶች ነው። የተመታ ክር ደግሞ ካልያዙት ድምፁ ቶሎ አይጠፋም፤ ያለፈው ከሚመጣው ጋር እንዳይደበላለቅ በመዳፍ ማፈን ያስፈልጋል። በጸጥታ ካዳመጣችሁ፣ አንዳንድ ቅጂ ላይ ፔዳሉ ከማረፊያ ወደ ማረፊያ ሲሻገር ቋ የሚል ድምፅ ይሰማል። እኔ ያንን ድምፅ እወደዋለሁ፤ የሠራተኛ እስትንፋስ ነው።

ማስረጃ የሚፈልግ የዲትሮይቷን ዶሮቲ አሽቢን ያዳምጥ። ከፒያኖ ወደ ሃርፕ የመጣች ናት፤ በ1957 «ዘ ጃዝ ሃርፒስት» የተባለውን አልበሟን ከፍሉት ተጫዋቹ ፍራንክ ዌስ ጋር አወጣች። ክሩን ከዳር እስከ ዳር ማንሸራተት ቀላሉ መንገድ ነበር፤ እሷ ግን እያንዳንዱን ሐረግ እንደ ጊታር ለይታ ትናገራለች፤ ምቱም ከእጇ አይወጣም። በ1968 «አፍሮ ሃርፒንግ» መጣ። በ1970 ደግሞ በፋርሱ ገጣሚ በዖማር ኻያም ግጥሞች መንፈስ በሠራችው አልበም ዘፈነች፣ ኮቶ የተባለውን የጃፓን የክር መሣሪያም ተጫወተች። ስሟን የማያውቅ ሰው እንኳ በ1976 ስቲቪ ዎንደር «ኢፍ ኢትስ ማጂክ»ን ሲዘፍን ሰምቷት ሊሆን ይችላል፤ ከድምፁ ሥር ያለው ሃርፕ የእሷ ነው።

«የጀመረችው አሊስ ኮልትሬን ናት»

አይደለም። ካስፐር ሪርደን በ1934 ከትሮምቦን ተጫዋቹ ጃክ ቲጋርደን ጋር በሃርፕ ጃዝ ቀድቷል፤ አዴል ጊራርድም ብዙ ሳትቆይ በኒው ዮርክ ክለቦች ስትጫወት ነበር። ሪርደን ወንድ መሆኑ «የሴት መሣሪያ ነው» ለሚሉትም መልስ ይሆናል። አሊስ ያደረገችው ሌላ ነው። ባለቤቷ፣ ስመ ጥሩው የሳክስፎን ተጫዋች ጆን ኮልትሬን፣ ያዘዘው ሃርፕ ቤት የደረሰው እሱ በ1967 ካረፈ በኋላ ነበር። እሷም ያንን መሣሪያ ይዛ በ1968 «ኤ ሞናስቲክ ትሪዮ»ን፣ በ1971 «ጀርኒ ኢን ሳቺዳናንዳ»ን አወጣች። አሽቢ የምትነጥለውን አሊስ እንደ ማዕበል ታፈሰዋለች። ሁለቱም የዲትሮይት ልጆች ናቸው፤ ግን አንዷን በሌላዋ መለካት አይገባም።

«የዌልስ ሰው ከሆነች የምትጫወተው የባህል ሃርፕ ነው»

የዌልስ ሕዝብ እንደ ራሱ የሚቆጥረው ሃርፕ ክሮቹ በሦስት ረድፍ የተሰደሩ፣ ፔዳል የሌለው ነው፤ መነሻው ግን ጣሊያን ነው። የዌልሷ ጃዝ ተጫዋች አማንዳ ዋይቲንግ የምትጫወተው ባለ ፔዳሉን ነው። «አፍተር ዳርክ» በ2021፣ «ሎስት ኢን አብስትራክሽን» በ2022 ወጥተዋል፤ የአሽቢ ውርስ በሁለቱም ውስጥ ይሰማል። ዌልስ ለእኛም ሩቅ አይደለችም፤ ሙላቱ አስታጥቄ በ1950ዎቹ መጨረሻ የተማሩት በሰሜን ዌልስ፣ በሬክሰም አቅራቢያ ነበር።

«የገና አልበም ገበያ ነው እንጂ ጃዝ አይደለም»

ዋይቲንግ የገና ዜማዎችንም ቀድታለች፤ ብዙ ሰው ግን ሳይከፍታቸው ያልፋል። ጃዝ ከጥንት ጀምሮ የሚሠራው ሁሉም የሚያውቀውን ዜማ ወስዶ ስምምነቱን በመለወጥ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ከገና ዜማ የበለጠ የታወቀ የለም። በእኛ ቋንቋ «በገና» ላልቶ ሲነበብ መሣሪያው፣ ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ መሆኑ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። በዌልስም ሁለቱ የተገናኙበት ዜማ አለ። ዓለም «ዴክ ዘ ሆልስ» ብሎ የሚያውቀው መዝሙር ዜማው «ኖስ ጋላን» የተባለ የዌልስ የአዲስ ዓመት ዋዜማ ዜማ ነው፤ ተጽፎ የተገኘውም በ1700ዎቹ በኖረው በዓይነ ስውሩ ሃርፕ ተጫዋች በጆን ፓሪ የሙዚቃ ጽሑፍ ውስጥ ነው። የእንግሊዝኛው ግጥም የተጻፈለት በ1862 ነው። «ፋ ላ ላ» የሚለው አዝማች ያለበት ቦታ ደግሞ ጥንት ዘፋኙ ዝም ብሎ ሃርፑ የሚመልስበት ነበር ይባላል።